ይግባኝ የሌለው ችሎት፦ የፎርት ስሚዙ ዳኛ አይዛክ ፓርከር

በአሜሪካ የምዕራብ ጠረፍ ታሪክ ውስጥ እንደ አይዛክ ፓርከር ስሙ ከገመድ ጋር የተቆራኘ ዳኛ የለም። ከ1875 እስከ 1896 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአርካንሶ ግዛት ጫፍ ላይ በምትገኘው በፎርት ስሚዝ ከተማ ተሰይሞ 160 ሰዎችን ሞት ፈረደባቸው። ከነዚህ ውስጥ 79ኙ ተሰቅለዋል። የቀሩት ገሚሱ በይግባኝ፣ ገሚሱ በፕሬዚዳንት ይቅርታ ተረፉ፤ እስር ቤት ሳሉ የሞቱም አሉ። «ሰው ሰቃዩ ዳኛ» የሚለው ቅጽል ስሙ ፊልም ሠሪዎችን ሲያበላ ኖሯል።

ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የሚነገርበት መንገድ ግን ያሳስታል። በነዚያ 21 ዓመታት በችሎቱ ያለፉት መዛግብት 13,490 ሲሆኑ ሞት የሚያስፈርዱት 344 ብቻ ነበሩ። አብዛኛው ነገር ፈረስ መስረቅ፣ የተከለከለ አረቄ ማስገባት፣ ድብደባና ዝርፊያ ነው። ደግሞም ፓርከር አንድን ሰው ለመስቀል ወይም ላለመስቀል የመምረጥ መብት አልነበረውም፤ ለምን እንዳልነበረው ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ እንዳይከማች ብላ ሕገ መንግሥቷን በጥንቃቄ የጻፈች አገር፣ ለ14 ዓመታት አንድ ዳኛ ብቻውን ሞት እንዲፈርድና ማንም የበላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን እንዳያይበት እንዴት ፈቀደች?

መልሱ ከመሬቱ ይጀምራል።

ዛሬ ኦክላሆማ የሚባለው ግዛት አብዛኛው ክፍል በዚያን ጊዜ «ኢንዲያን ቴሪቶሪ» ይባል ነበር። በ1830 የወጣ ሕግ ቼሮኪ፣ ቾክታው፣ ቺካሶ፣ ክሪክና ሴሚኖል የተባሉትን አምስት ነባር ሕዝቦች ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ነቅሎ ወደዚያ አሰፈራቸው። በመንገድ ላይ በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ በሺዎች አለቁ። የተረፉት በአዲሱ አገር መንግሥት መሠረቱ። ቼሮኪዎች የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤት፣ ትምህርት ቤትና በራሳቸው ፊደል የሚታተም ጋዜጣ ነበራቸው፤ ዋና ከተማቸው ታሌኳ ነበረች። ሌሎቹም ፍርድ ቤትና ሕግ አስከባሪ ነበራቸው።

ችግሩ እነዚህ ፍርድ ቤቶች መዳኘት የሚችሉት የራሳቸውን ሰው ብቻ መሆኑ ነው። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ነጭ በቼሮኪ መሬት ላይ ሰው ቢገድል የቼሮኪ ዳኛ ሊነካው አይችልም። መሬቱ ደግሞ የማንም ግዛት ስላልሆነ የቴክሳስም ሆነ የሚዙሪ ፖሊስ ተሻግሮ ገብቶ አይዝም። ስለዚህ የፌደራሉ መንግሥት በአቅራቢያ ላለው የራሱ ፍርድ ቤት፣ ለምዕራብ አርካንሶው፣ ሥራውን ሰጠ። ችሎቱ መጀመሪያ ቫን ቢዩረን ነበር፤ በ1871 በአርካንሶ ወንዝ ዳር፣ ልክ በድንበሩ ላይ ወደምትገኘው ፎርት ስሚዝ ተዛወረ። ፓርከር ሲመጣ በዚህ ችሎት ሥር ያለው የነባሮቹ መሬት 74,000 ካሬ ማይል ገደማ፣ በኛ መለኪያ ከ190,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የባቡር ሐዲድ በመሬቱ መካከል ሲያልፍ ነጮች በብዛት ገቡ። ገሚሱ ከነባሮቹ ፈቃድ ገዝቶ የሚያርስና የሚነግድ ነው። ገሚሱ ደግሞ በቴክሳስ፣ በካንሳስ ወይም በሚዙሪ ሰው ገድሎ ወይም ባንክ ዘርፎ የሚሸሽ ነበር፤ ድንበሩን ከተሻገረ ማን ይይዘዋል?

አንድ ሰው ሲገደል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ገደለ?» ሳይሆን «ገዳዩ የማን ሰው ነው፣ ሟቹስ?» የሚለው ነበር። ቼሮኪ ቼሮኪን ከገደለ ጉዳዩ ወደ ቼሮኪ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ነጭ ቼሮኪን ቢገድል፣ ወይም ቼሮኪ ነጭን ቢገድል ወደ ፎርት ስሚዝ ይመጣል። ነገሩ የሚወሳሰበው ጥቁሮች ጋ ሲደረስ ነው፤ ከነባሮቹ መካከል ባሪያ የሚገዙ ነበሩና በ1866 ውል መሠረት ነፃ ከወጡት ባሮቻቸው ብዙዎቹ የነገዱ ዜጎች ሆነዋል። አልበርቲ የተባለ ሰው ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተከሳሹ በባርነት የተወለደ፣ በውሉ የቼሮኪ ዜግነት ያገኘ ጥቁር ነው። ሟቹ ከቾክታው አባትና ከጥቁር እናት ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 ይህን ዝምድና ሁሉ ዘርዝሮ፣ ሟቹን የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ጥቁር ብሎ ቆጥሮ፣ የዳኝነት ሥልጣኑ የፎርት ስሚዝ ነው ሲል ደመደመ። የአንድ ሰው ሕይወት በአያት በቅድመ አያቱ ቆጠራ ላይ ይንጠለጠል ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰውዬው እንምጣ። ፓርከር በ1838 በኦሃዮ፣ ቤልሞንት ካውንቲ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ሕግ አጥንቶ በ1859 የጥብቅና ፈቃድ ካገኘ በኋላ አጎቱ በሕግ ሙያ ወደሚሠራባት ሴንት ጆሴፍ፣ ሚዙሪ ሄደ። ሜሪ ኦቱልን አገባ፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ፖለቲካ የጀመረው በዴሞክራት ፓርቲ ነው። ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን ሚዙሪ እርስ በርሷ የተከፈለች ግዛት ስለነበረች ወገን መለየት ግድ ሆነበት። ከሰሜኑ ጎን ቆመ፣ ወደ ሪፐብሊካን ፓርቲ ተሻገረ፣ በ1864 ሚዙሪን ወክለው ለሊንከን ድምፅ ከሰጡት የፕሬዚዳንት መራጭ ልዑካን አንዱ ሆነ። የከተማ ሕግ አማካሪ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የግዛት ዳኛ እያለ ወጥቶ በ1871 ዋሽንግተን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ገባ፤ ሁለት ዘመን አገለገለ። እዚያ ሳለ ካቀረባቸው ረቂቆች አንዱ ገና ግዛት ባልሆኑ አገሮች ያሉ ሴቶች እንዲመርጡና ሥልጣን እንዲይዙ የሚፈቅድ ነበር፤ አልጸደቀም። ስለነባሮቹ ሕዝቦችም ደጋግሞ ይናገር ነበር፤ መንግሥት ለገባላቸው ውል እንዲታመን ይከራከር ነበር። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ይመጣል።

ዳኛ የሆነው ፖለቲካው ስላልሰመረለት ነው። በ1874 ሚዙሪ ወደ ዴሞክራቶች ስታዘነብል የፓርከር ወንበር አበቃ፤ ወደ ሴኔት ለመግባት ያደረገው ሙከራም ከሸፈ። ለፓርቲው የደከመ ሰው ባዶ እጁን አይቀርምና ፕሬዚዳንት ግራንት መጀመሪያ የዩታ ዋና ዳኛ ሊያደርጉት አጩት። ፓርከር ግን የምዕራብ አርካንሶን ወንበር ለመነ። ያ ወንበር ክፍት የሆነው በደግ ምክንያት አይደለም። ዊልያም ስቶሪ የሚባለው የቀድሞው ዳኛ በሙስና ሊከሰስ ሲል ሥራውን ለቆ ነበር፤ የፍርድ ቤቱ ገንዘብ ተበልቷል፣ ወንጀለኛ በገንዘብ ይለቀቃል ይባል ነበር። ሴኔቱ በማርች 1875 ሹመቱን አጸደቀ። ፓርከር በ36 ዓመቱ በሜይ መጀመሪያ ላይ ፎርት ስሚዝ ደረሰና በስድስተኛው ቀን ችሎት ከፈተ።

በመጀመሪያው የችሎት ዘመን ስምንት ሰዎች ሞት ተፈረደባቸው። አንዱ ሊያመልጥ ሲል ተገደለ፤ አንዱ ልጅ ነው ተብሎ ቅጣቱ ተቀየረለት። የቀሩት ስድስቱ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1875 ባንድ መስቀያ ላይ፣ ባንድ ጊዜ ተሰቀሉ። ሦስቱ ነጮች፣ ሁለቱ የነባር ሕዝብ ተወላጆች፣ አንዱ ጥቁር ነበሩ። ለማየት የመጣው ሕዝብ 5,000 ያህል ይገመታል። የምሥራቁ ጋዜጦች ወሬውን አራገቡት፤ «ሰው ሰቃይ» የሚለው ስም ሥር የሰደደው ያን ቀን ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን መስቀያው በአጥር ተከለለና ሕዝብ እንደ ትርዒት መመልከቱ ቀረ።

እንግዲህ ሕጉ። በዚያን ጊዜ በፌደራል ሕግ መሠረት ሆን ብሎ ሰው የገደለ ወይም አስገድዶ የደፈረ ሰው ጥፋተኛ ከተባለ ቅጣቱ አንድ ብቻ ነበር፦ ሞት በስቅላት። ዳኛው «ዕድሜ ልክ ይሁን» ሊል አይችልም። ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝቡ ተጠርተው የሚቀመጡ 12 ሰዎች ናቸው። ጁሪው «ጥፋተኛ» ካለ ለፓርከር የቀረለት ቀን ቆርጦ ፍርዱን ማንበብ ነበር። ራሱም ይህንኑ መከላከያ ደጋግሞ ያነሳ ነበር፤ ሰው የሰቀልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሕጉ ነው ይል ነበር።

ይግባኙስ? ብዙዎች ለፓርከር የተሰጠ የተለየ ሥልጣን ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። እስከ 1889 ድረስ በአሜሪካ ፌደራል ፍርድ ቤቶች በወንጀል የተፈረደበት ሰው ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚሄድበት መብት በአጠቃላይ አልነበረም። ጉዳይ ወደ ላይ የሚወጣው አንድን ችሎት ሁለት ዳኞች አብረው ተቀምጠው በሕግ ነጥብ ላይ ሲለያዩ ብቻ ነው። ሌላው ፌደራል ዳኛ የሞት ክስ የሚያየው አልፎ አልፎ ስለነበር ጉድለቱ ብዙም አይታይም። በፎርት ስሚዝ ግን የወረዳውም የበላዩም ችሎት ሥልጣን በአንዱ በፓርከር እጅ ነበር፤ የሞት ክስ ደግሞ በየወሩ ይመጣል። አንድ ሰው ከራሱ ጋር አይለያይም። ስለዚህ ለተፈረደበት ሰው የቀረው ደጅ የፕሬዚዳንቱ ደጅ ብቻ ነበር። እውነቱን ለመናገር ፕሬዚዳንቶቹ ብዙ ጊዜ ቅጣት ቀይረዋል፤ ግን ምሕረት መብት አይደለም፤ በዋሽንግተን ጉዳዩን የሚያነሳለት ጠበቃ ያለው ሰው እና የሌለው ሰው እኩል አያገኙትም።

ሰውን ይዞ ማምጣቱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ፓርከር 200 ምክትል ማርሻሎች፣ ማለትም የፌደራል ፍርድ ቤቱን ትእዛዝ የሚያስፈጽሙ ሕግ አስከባሪዎች፣ እንዲቀጠሩ አዘዘ። ደመወዝ አልነበራቸውም። ለሄዱበት በማይል 6 ሳንቲም፣ ለያዙት ሰው 2 ዶላር ገደማ ይታሰብላቸውና ከዚያም ላይ አለቃው ድርሻውን ይቆርጣል። ተፈላጊው ተታኩሶ ቢሞትባቸው ክፍያው ይቀራል። ጋሪ፣ ወጥ ቤትና ረዳት ይዘው ለሳምንታት ይወጣሉ፤ የያዙትን በሰንሰለት ከጋሪው ጋር እያሰሩ ሌላ ፍለጋ ይቀጥላሉ። በፓርከር ዘመን ከ60 በላይ የሚሆኑት በሥራ ላይ ሳሉ ተገድለዋል። ስለመስቀያው ብቻ የሚያወሩ ይህን ቁጥር ይዘሉታል።

ከመካከላቸው ባስ ሪቭስን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1838 በአርካንሶ በባርነት ተወለደ። በጦርነቱ ጊዜ ከጌታው አምልጦ ወደ ነባሮቹ መሬት ገባና ቋንቋቸውን ለመደ። ፓርከር ሥራ በጀመረበት ዓመት ምክትል ማርሻል ሆነ። ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ የመያዣ ትእዛዙን ሰው ያነብለትና በቃሉ ይይዘዋል፣ ስሙንና የወረቀቱን መልክ አገናኝቶ ያስታውሳል። በ32 ዓመት አገልግሎቱ ከ3,000 በላይ ሰዎችን እንደያዘ ይነገርለታል። በ1887 ወጥ ቤቱን ገድለሃል ተብሎ እሱ ራሱ በፓርከር ፊት ቆመ፤ ጁሪው በነፃ አሰናበተው። በዚያ ዘመን በደቡቡ ከተሞች ጥቁር ሰው ነጭን መያዙ ቀርቶ ምስክር መሆኑ ባስቸገረበት ጊዜ ሪቭስ ሽጉጥ ታጥቆ ነጭ ወንበዴ እየነዳ ፎርት ስሚዝ ይገባ ነበር።

የተያዘው ሰው የሚጠብቀው እስር ቤት ግን ለማንም የሚመኙት አይደለም። የድሮ የጦር ሠፈር ምድር ቤት ነበር፤ ሁለት ሰፊ ክፍሎች፣ ዝቅተኛ ጣሪያ፣ ጭልጭል ያለ ብርሃን። ነፍሰ ገዳዩም፣ አንድ ጠርሙስ አረቄ የሸጠውም፣ ገና ያልተፈረደበትም አንድ ላይ ይታጎራሉ። አና ዶውስ የተባለች የሴናተር ልጅ በ1885 ጎብኝታ የጻፈችው ወቀሳ አገር ስላንቀጠቀጠ ኮንግረስ በጀት መደበና በ1888 አዲስ እስር ቤት ተከፈተ። ችሎቱ ሰኞ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ፣ አንዳንዴ በቀን አሥር ሰዓት ቢሠራም የመዝገቡ ክምር አላልቅ ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ጥያቄ አለ። ሕጉ ሞት ካለ፣ ጁሪው ጥፋተኛ ካለ፣ የፓርከር የራሱ እጅ የቱ ጋ ነው? እኔ እንደማየው እጁ ያለው ለጁሪው በሚሰጠው ማብራሪያ ውስጥ ነው። ክርክር ሲያልቅ ዳኛው ሕጉ ምን እንደሚል ለጁሪው ይገልጻል። ፓርከር ይህን የሚያደርገው እንደ ሰባኪ ነበር፤ ረጅም፣ ስሜት የሚነካ፣ አንዱን ወገን የሚገፋ። «ጥፋተኛ በሉ» አይልም። ግን ጁሪው ከክፍሉ ሲወጣ ዳኛው ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ አልነበረም።

በ1889 ኮንግረስ የሞት ፍርድ ሁሉ በጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲታይ የሚፈቅድ ሕግ ሲያወጣ እነዚህ ማብራሪያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ዓይን ተነበቡ። ውጤቱ ለፓርከር አሳፋሪ ነበር። በይግባኝ ከታዩት የሞት ፍርዶቹ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተሻሩ።

ምክንያቶቹን በሦስት መዛግብት ማየት ይቻላል። በሂኮሪ ጉዳይ ተከሳሹ ምክትል ማርሻል የገደለ ቼሮኪ ወጣት ነው፤ ራሴን ስከላከል ነው ይላል፤ ሬሳውን ግን ደብቋል። ፓርከር ከመጽሐፈ ምሳሌ «ኃጥእ ማንም ሳያሳድደው ይሸሻል» የሚለውን ጠቅሶ፣ መሸሽና መደበቅ ጥፋትን እንደማመን ነው የሚል መንፈስ ያለው ማብራሪያ ሰጠ። የበላዮቹ ዳኞች አልተቀበሉትም፤ ንጹሕ ሰውም ፈርቶ፣ ወይም ሕዝብ በቁጣ ይገድለኛል ብሎ ሊሸሽ ይችላል አሉ። ከላይ ያነሳሁት የአልበርቲ ፍርድም የተሻረው በዚሁ ነጥብ ነው። ጠረፉን ለሚያውቅ ሰው የበላዮቹ ክርክር ሚዛን ይደፋል፤ ፎርት ስሚዝ ለመድረስ የሳምንታት መንገድ፣ ከዚያ ያ ምድር ቤት፣ ከዚያ ይግባኝ የሌለው ዳኛ እያለ የማይሸሽ ማን ነው?

ሁለተኛው የቢርድ ነው። ነገሩ የተነሳው በአንዲት ላም ነው። ቢርድ ቤቱ ሲመለስ ሦስት ወንድማማቾች ላሟን ሊወስዱ ግቢው ገብተው አገኘ። አንዱ እየዛተ ሲጠጋው፣ እጁንም ወደ ኪሱ ሲከት፣ ቢርድ በጠመንጃው ጭንቅላቱን መታው፤ ሰውየው ሞተ። ፓርከር ለጁሪው «ከመምታቱ በፊት ማፈግፈግ ይችል ነበር ወይ?» የሚለውን አጥብቆ አስጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1895 በዳኛ ሃርላን ብዕር ሻረው፤ በገዛ ግቢው ያለ፣ ጠብ ያልጫረ ሰው የማፈግፈግ ግዴታ የለበትም ብሎ። አሜሪካኖች ዛሬም ድረስ ራስን በመከላከል ስለ መግደል ሲከራከሩ ይህን ፍርድ ይጠቅሳሉ። ልብ ላለው ሰው እዚህ ጋ ሥዕሉ ይገለበጣል፤ ሰው ከመግደልህ በፊት ብትችል ዞር በል ያለው «ሰው ሰቃይ» የተባለው ፓርከር ነበር።

ሦስተኛው አሌክሳንደር አለን የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ነው። በ1892 ከነጭ ልጆች ጋር በተነሳ ጠብ የ18 ዓመት ወጣት በጥይት ገደለ። ሦስት ጊዜ ተፈረደበት፣ ሦስት ጊዜ ይግባኝ አለ፣ ሁለት ጊዜ ተሻረለት። በሦስተኛው ፍርድ ላይ ጁሪው መስማማት አቅቶት ሲመለስ፣ ከብዙኃኑ የተለየ ሐሳብ ያላቸው የጁሪ አባላት አቋማቸውን ደግመው እንዲመረምሩ ማብራሪያ ተሰጠው። በዲሴምበር 1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጁሪ ሲጠላለፍ የሚሰጠው ማብራሪያ በልጁ ስም ይጠራል። በርካታ ግዛቶች ሰዎችን ማስገደድ ነው ብለው ትተውታል፤ በፌደራል ችሎት ግን አሁንም ይሠራበታል።

ፓርከር መሻሩን በጸጋ አልተቀበለም። ክራውፎርድ ጎልድስቢ፣ በቅጽል ስሙ ቼሮኪ ቢል፣ ነገሩን አፈነዳው። በጥቁር ወታደር አባቱም በቼሮኪ እናቱም በኩል የተደባለቀ ዘር ያለው ወጣት ነው። በ1894 ሱቅ ሲዘርፍ በመስኮት የተመለከተውን ሰው ተኩሶ ገደለ። ሞት ተፈረደበት፣ ይግባኝ አለ፣ ፍርዱ ታገደ። በጁላይ 1895፣ ይግባኙ ገና ሳይታይ፣ በስውር በገባለት ሽጉጥ ላውረንስ ኪቲንግ የተባለ ጠባቂ ገደለ። ፓርከር ለጋዜጣ ወቀሳውን በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወረወረ፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥቃቅን የሥርዓት ነጥብ ፍርድ ስለምታጓትቱ ነው አለ። በሥራ ላይ ያለ ዳኛ የበላዮቹን በአደባባይ ሲሰድብ ብዙ አይታይም። ከፍትሕ ሚኒስቴር ባለሥልጣናት ጋርም በጋዜጣ ተላተመ። ቼሮኪ ቢል በማርች 1896 ተሰቀለ፤ ገና 20 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሌላ ምጸት ሆነ። የችሎቱ ሰቃይ፣ ጆርጅ ማሌደን፣ አኒ የምትባል ልጅ ነበረችው። ፍራንክ ካርቨር የተባለ ወዳጇ በ1895 ገደላት። ፓርከር ሞት ፈረደ። ካርቨር ጠበቃ ይዞ ይግባኝ አለ፤ ፍርዱ ተሽሮ በመጨረሻ በዕድሜ ልክ እስራት ዳነ። አባትየው በሥራ ዘመኑ ስንቱን ሰቅሎ የገዛ ልጁን ገዳይ መስቀል አልሆነለትም።

ነባሮቹ ሕዝቦችስ እንዴት ያዩት ነበር? እዚህ ላይ የምክር ቤት አባል የነበረው ፓርከር ይመለሳል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ዴቪድ ፔይን የሚባል ሰው ነጮችን አሰልፎ በመካከለኛው መሬት ላይ በግድ ለመስፈር ይሞክር ነበር። ሠራዊት አስወጣው፣ ተመልሶ ገባ። በ1881 ጉዳዩ በፓርከር ፊት ቀረበ። ፔይን መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ለማንም ክፍት ነው ብሎ ተከራከረ። ፓርከር ከውሎቹ ጋር ቆሞ 1,000 ዶላር ቀጣው። ፔይን ከስሙ ሌላ ንብረት ስላልነበረው ቅጣቱ አልተከፈለም፤ በ1889 ኮንግረስ መሬቱን ለሰፋሪ ሲከፍተው ደግሞ የፓርከር ፍርድ ትርጉም አጣ። ግን ነባሮቹ አልረሱትም። ነጭ ወንበዴ በምድራቸው ገድሎ እንዳይመለስ ያደረገ ብቸኛው ችሎት የእሱ ነበር። የራሳቸውን ሰዎች መስቀሉንም አልረሱም፤ ሁለቱም አብሮ ይታወሳል።

የችሎቱ የሥልጣን ክልል ቀስ በቀስ ተሸራረፈ። በ1883 ከፊሉ መሬት ለካንሳስና ለቴክሳስ ችሎቶች ተሰጠ፤ በ1889 መስኮጊ ላይ አዲስ ፍርድ ቤት ተከፈተ። በ1895 የወጣው ሕግ ደግሞ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1896 ጀምሮ ፎርት ስሚዝ በነባሮቹ መሬት ላይ ያለውን ሥልጣን ሁሉ ነሳው። ቀኑ ሲደርስ ፓርከር በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ነበር። አዳ ፓተርሰን የተባለች የሴንት ሉዊስ ጋዜጠኛ አነጋገረችው። ምንም ይሁን ምን ቅጣቱ ሳይቀር የሚፈጸም እስከሆነ ድረስ የሞት ቅጣት ቢቀር እሱም እንደሚደግፍ ነገራት። የወንጀል መድኃኒቱ የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን አለመቅረቱ ነው የሚል ነበር እምነቱ። ለ160 ሰው ሞት የፈረደ ዳኛ ይህን ሲል ማመን ይከብዳል፤ የችሎት ታሪኩን ላየ ሰው ግን ቃሉ ከሥራው ጋር አይጣላም። ኖቬምበር 17 ቀን 1896 በ58 ዓመቱ አረፈ። እስረኞቹ በደስታ ጮኹ ይባላል፤ የክሪኩ መሪ ፕሌዛንት ፖርተር ደግሞ በመቃብሩ ላይ የሜዳ አበባ አኖረ።

ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ፣ በጃንዋሪ 1897፣ ኮንግረስ ያን የግዴታ ሞት ቅጣት አነሳ፤ ጁሪ «ጥፋተኛ፣ ያለ ሞት ቅጣት» ማለት እንዲችል ፈቀደ።

የዳኝነት ሥልጣኑ ጥያቄ ግን አልሞተም። በ1907 ኦክላሆማ ግዛት ስትሆን ሁሉም ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። በጁላይ 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማክገርት በተባለው መዝገብ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ለክሪክ ነገድ የተከለለውን መሬት ክልልነት ኮንግረስ በሕግ አፍርሶት አያውቅም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ የነባር ሕዝብ ተወላጅ በዚያ መሬት ላይ ከባድ ወንጀል ቢሠራ የኦክላሆማ ግዛት ሊከሰው አይችልም፤ ፌደራል መንግሥቱ ወይም ነገዱ ነው የሚዳኘው። የኦክላሆማ ፍርድ ቤቶች ይህንኑ ለቼሮኪ፣ ለቾክታው፣ ለቺካሶና ለሴሚኖልም አሰፉት። በ2022 ደግሞ ተከሳሹ የነገድ ሰው ካልሆነ፣ ተበዳዩ የነገድ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ግዛቱም መክሰስ ይችላል የሚል ሌላ የ5 ለ4 ፍርድ መጣ። ዛሬ በቱልሳ ከተማ አንድ ሰው በከባድ ወንጀል ሲያዝ ዐቃቤ ሕጎች ከሚያጣሩት አንዱ ተጠርጣሪው የነገድ አባል መሆን አለመሆኑ ነው።